በስፓኒሽ ሬዲዮ ሙሾ አውራጅ የሆንኩበት ምክንያት

ከሁሉ አስቀድሜ ስሜን እንደማልነግራችሁ ይታወቅልኝ። የሚያውቁኝ ያውቁኛል፤ የማያውቁኝ ደግሞ ባያውቁኝ የሚቀርባቸው ነገር የለም። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት በከተማችን ስለ እኔ የሚወራው መልኩ ስለበዛ ነው። አንዳንዱ ሃይማኖቷን ለውጣ ነው ይላል። አንዳንዱ በስተርጅና ሳልቫዶራዊ አግብታ ነው ይላል። አንዲት የሮክቪል ሴትዮማ ሐኪም ቢያያት ጥሩ ነው ብላለች አሉ። እሷ ራሷ ሐኪም ቤት የምትሄደው ተራ ስትጠብቅ ወሬ ለመስማት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ግን አልናገርም።

ጥፋቱ የድንኳን ነው። የእኔ አይደለም።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከነዋሪው አብዛኛው ከኤልሳልቫዶርና ከጓቲማላ የመጣ በሆነበት አፓርትመንት። በሬ ፊት ለፊት ያለችው ማርታ ትባላለች። ስሟን ፖስታ ሳጥኑ ላይ አንብቤ ሐበሻ መስላኝ፣ በመጀመሪያው ቀን «እንደምን አደርሽ እህቴ» ብያት በስፓኒሽ መልሳልኛለች። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ ነው የምናወራው። የሁለታችንም እንግሊዝኛ የተሰበረ ነው፤ የተሰበረበት ቦታ ግን አንድ ስለሆነ በደንብ እንግባባለን። ጉንፋን ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ የዶሮ ሾርባ ይዛ የመጣችው እሷ ናት። ከእኛዎቹ ማን መጣ? ይህንንም አልናገርም።

ማርታ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከአንድ ጎማ ቤት በላይ ባለች ትንሽ የስፓኒሽ ሬዲዮ ጣቢያ የጠዋት ፕሮግራም ታቀርባለች። ጣቢያዋ የምትኖረው በማስታወቂያ ነው፤ ጣራ ሠሪ፣ ፀጉር ቤት፣ ምግብ ቤት፣ የመኪና ሻጭ። ኑሮ ሲበላሽ እንግዲህ ነገሩ እንደ ተደረደረ ዕቃ ነው አንዱ በአንዱ ላይ የሚወድቀው። የመንግሥት ሠራተኛው ተቀነሰ፤ የተቀነሰ ሰው ውጭ አይበላም፤ ምግብ ቤቱ ተዘጋ፤ ቤት የሚያሠራ ጠፋ፤ ጣራ ሠሪው መሰላሉን ጋራዥ አስገባ። እኔ የምሠራበት የክሪስታል ሲቲ ሆቴልም እንግዳ የለም ብሎ ሰዓት ቀነሰብን። ታዲያ በዚህ መሀል ማን ማስታወቂያ ያስነግራል? አንድ ቀን የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ማርታ አንሶላ እያጠፈች «ባለቤቱ ሊዘጋው ነው፤ ማስታወቂያ ካልተገኘ እኔም ሬዲዮውም አለቀልን» አለችኝ። እኔም የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዝኩላት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

አሁን ወደ ድንኳኑ ከመግባቴ በፊት ስለ ጽጌረዳ መናገር አለብኝ። ስለ ጽጌረዳ ሳይናገሩ ስለ እኔ መናገር አይቻልም፤ ይህም አንዱ በደሏ ነው።

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታክሲ ነጂ ነበር። ድልድይ በተሻገረ ቁጥር፣ በረዶ ቢጥልም እንኳ፣ «ወንዙ ይሽተተኝ» ብሎ መስኮት የሚከፍት ሰው ነበር፤ እኔም በተከፈተ ቁጥር «ዝጋው!» እያልኩ ስጮህበት ኖርኩ። ታሞ ብዙ ተኛ። እንባዬን እዚያው ሆስፒታል፣ አልጋው አጠገብ፣ ማንም ሳያየኝ ጨርሼው መጣሁ። በለቅሶው ቀን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስቀመጥ ዓይኔ ውስጥ ምንም የቀረ ነገር አልነበረም። እንባ የቧንቧ ውኃ አይደል! ጽጌረዳ ያን ጊዜ የእድራችን ሊቀ መንበር ነበረች፤ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ደህና ሬስቶራንት ነበራት፤ ድምፅም ነበራት። እጇን እየታጠበች፣ አጠገቧ ላሉት ሁሉ፣ «አንዲት ጠብታ! አንዲት ጠብታ አላነባችም እኮ! ደረቅ!» አለች።

ከአዳራሹ ወጥቼ ቤቴ ስደርስ ቃሉ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሜ «ደረቋ» ሆነ። እኔም ከዚያ ወዲህ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጽጌረዳ ያንን ቃል በገዛ አፏ፣ ሰው እየሰማ፣ እንድታነሣልኝ። እስከዚያው በየለቅሶው ቀድሜ እየተገኘሁ ከቤተ ዘመድ በላይ አለቅሳለሁ። የማላውቀው ሰው ሲሞት እንኳ የሟች እናት «እባክሽ አንቺስ ተጽናኚ» ብላ ውኃ ያጠጣችኝ ጊዜ አለ። ይድረሳት ብዬ ነው፤ ለጽጌረዳ።

አሁን ወደ ድንኳኑ።

አንድ ቅዳሜ ከእንቅልፌ ተነሥቼ በመስኮት ባይ፣ ከሕንፃችን ጀርባ መኪና ማቆሚያው ላይ ነጭ ድንኳን ተተክሏል። ወንበር ተደርድሯል። ሰዉ ጥቁር ለብሶ እየተሰበሰበ ነው። ማርታ፣ የእኔዋ ማርታ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ትልቅ ድስት ተሸክማ ወደ ድንኳኑ ትገባለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ድንኳን፣ ጥቁር ልብስ፣ የጎረቤት ድስት። «ውይ! ሞቶባታል!» አልኩ። ሳትነግረኝ! ምናልባት በእንግሊዝኛ የሚነገርበትን መንገድ አጥታው ይሆናል።

ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደረብኩ። እየሮጥኩ ወረድኩ። የድንኳኑ በር ላይ ስደርስ ደግሞ የቀረኝ ጥርጣሬ ሁሉ ጠፋ፤ ከመድረኩ በስተኋላ የአንድ ጎልማሳ ትልቅ ፎቶ ቆሟል፤ ዙሪያውን በአበባ ተከቧል። ሰውየው በፎቶው ውስጥ በሙሉ ጥርሱ ይስቃል። ገና ለጋ ነው።

«ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ወንድም ጋሼን!» ብዬ ደረቴን እየመታሁ ገባሁ። «ይህን የመሰለ ጥርስ አፈር ይብላው? ምነው ማርታን ለማን ትተሃት!»

የእኛ ለቅሶ ቢሆን ሴቶቹ ወዲያው ተቀብለው ያግዙኝ ነበር፤ እነዚህ ግን አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ደንግጠው ነው፣ ሐዘኑ ከብዷቸው ነው ብዬ እኔው ጨመርኩበት። ወንበሮቹን እያለፍኩ ፎቶው ሥር ተደፋሁ። ያን ጊዜ አንድ እጅ ትከሻዬን ነካኝ። ቀና ብዬ ባይ፣ ሟቹ ነው። በዚያው ጥርስ።

ከሞት የተነሣ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። የጮኽኩት ጩኸት ከለቅሶው የባሰ ነበር። ሁለቱም፣ ለቅሶውም ጩኸቱም፣ በሬዲዮ በቀጥታ ተላልፈዋል፤ ማርታ በእጇ የያዘችው ማይክራፎን ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ሬናልዶ ይባላል፤ ለካውንቲው ምክር ቤት የሚወዳደር ነው። ስብሰባው የምርጫ ቅስቀሳው ነው። ጥቁር የተለበሰው «ለሞቱት ንግድ ቤቶቻችን» ተብሎ ነው። አበባው ባለፈው ቀን ልደቷ ከተከበረላት ልጅ የተረፈ ነው፤ መጣል አሳዝኗቸው ፎቶውን አስከበቡት። ድስቱ ደግሞ ለደጋፊዎቹ የተሠራ ሩዝና ባቄላ ነው። እና ሬናልዶ በማርታ ጣቢያ ማስታወቂያ ሊያስነግር ቃል የገባ ብቸኛው ሰው ነበር። ለጎረቤቴ ላለቅስላት ሄጄ እንጀራዋን ልቀብርባት ምንም አልቀረኝም።

ማርታ ግን ሬዲዮ ላይ ያደገች ሴት ናት። ዓይኗን ሳታርገበግብ ማይክራፎኑን ወደ አፏ አድርጋ በስፓኒሽ አንድ ነገር ተናገረች። ኋላ እንደነገረችኝ ያለችው ይህን ነው፤ «ወገኖቼ፣ ይህች ጎረቤቴ ከኢትዮጵያ ናት። በአገሯ ወግ ስለ ተዘጉት ቤቶቻችን ሁሉ እያለቀሰች ነው። እኛ ለራሳችን ማልቀስ አፍረን ነበር፤ እሷ አላፈረችም።» ሰዉ ተነሥቶ አጨበጨበ። አንዲት ባልቴት መጥታ አቀፈችኝና እሷም አለቀሰች። ከዚያ ሌላዋ። ሬናልዶም ጥርሱን ሰብስቦ፣ ሐዘነተኛ ፊት ፈልጎ እስኪያገኝ ትንሽ ቆይቶ፣ አጠገቤ ተንበረከከ።

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው እንዲህ ተረፈ። ከድንኳኑ ውጭ ካለው አድማጭ ብዙው ግን የማርታን ማብራሪያ አልጠበቀም፤ የያዘው ለቅሶውንና ጩኸቱን፣ ከዚያም የሬናልዶን ስም ብቻ ነበር። የስልክ መስመሩ ተጨናነቀ። ሬናልዶ ሞተ ተባለ። አንዱ ደውሎ ሬሳ ሳጥኑን በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ማለ። ኤልሳልቫዶር ያለችው እናቱ ጸሎት አስጀመረች። ተፎካካሪው «ከልብ አዝኛለሁ፤ በመካከላችን ልዩነት ቢኖርም ጥሩ ሰው ነበር» ብሎ ለአንድ ቀን ቅስቀሳውን አቆመ። ሬናልዶ ራሱ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ «በሕይወት አለሁ» ቢል፣ አንዲት ሴትዮ ደውላ «የተቀረጸ ነው፤ ድምፁን አታንገላቱት፣ ይረፍበት» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት የምርጫ ፖስተሩ ላይ ከስሙ በታች «በሕይወት አለሁ» የሚል ተጨመረበት። በከተማው ውስጥ ቃል ገብቶ የፈጸመ ብቸኛ እጩ እሱ ነው።

ማርታ ሰኞ ዕለት በሬን አንኳኳች። ፊቷ በርቷል።

«አድማጮች ይፈልጉሻል» አለችኝ።

«ልከሰስ ነው?»

«አይደለም! እንድታለቅሺላቸው ነው። አንዱ የጣራ ሥራው ተዘግቶበታል። አንዷ ፀጉር ቤቷ። አልቅሺልኝ ይላሉ። ዶኛ ላግሪማስ ብለው ስም አውጥተውልሻል።» ላግሪማስ እንባ ማለት ነው አለችኝ። እመቤት እንባ እንደ ማለት።

አያችሁ? ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለሐበሻው «ደረቋ» ነኝ፤ ለላቲኖው እመቤት እንባ። ይህን ስም ጽጌረዳ ጆሮ የማደርስበት መንገድ ባገኝ ብዬ ተመኘሁ። እግዚአብሔር ምኞት ሲሰማ ዝርዝሩን አይጠይቅም።

እንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት፣ ሆቴሉ ሰዓቴን የቀነሰበት ቀን ስለሆነ፣ ማርታ በመኪናዋ አሌክሳንድሪያ ትወስደኝ ጀመር። ከጎማ ቤቱ ጎን ባለው ደረጃ እንወጣለን። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ በተለጠፈበት ክፍል ውስጥ ማይክራፎን ፊት እቀመጣለሁ። ማርታ የደወለውን ሰው ስምና ሥራ በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች፤ እኔ በአማርኛ ሙሾ አወርዳለሁ። ልጅ ሳለሁ እናቴ የሠፈሩ ሙሾ አውራጅ ነበረች፤ ለካ ሳላውቀው ተምሬዋለሁ። ለጣራ ሠሪው እንዲህ አልኩለት፦

የሰው ቤት ስትከድን በሐሩር በብርዱ፣
ያንተ ቤት ሲያፈስስ መሰላሎች የት ሄዱ?

ሰውየው አንዲት ቃል ሳይገባው በስልክ ተንሰቀሰቀ። ማርታም። ማስታወቂያም መምጣት ጀመረ፤ መጀመሪያ አንድ የቀብር ማስፈጸሚያ ቤት፣ ቀጥሎ የመሐረብ ነጋዴ፣ ከዚያ ሌላ ሌላውም። የጣቢያው ባለቤት የመዝጊያውን ቀን ገፋው። ማርታ ሐሙስ ሲደርስ ታቅፈኝ ጀመር። እኔ መታቀፍ አልወድም፤ ግን ቻልኩት።

ችግሩ የሰው ሐዘን ማለቁ ነው። የተዘጋ ፀጉር ቤት አንዴ ይለቀስለታል፣ ሁለቴ ይለቀስለታል፤ ሦስተኛው ፀጉር ቤት ሲመጣ ምን ይባላል? እንባዬን ለማምጣት ወደ ራሴ ቁስል መሄድ ጀመርኩ። የእኔ ቁስል ደግሞ ብዙ ነው፤ ስምም አለው። ለማን ትናገሪዋለሽ ብሎ የሚጠይቀኝ የለ፤ በስፓኒሽ ሬዲዮ በአማርኛ ማን ይሰማኛል? ከጉድጓድ ውስጥ ማውራት ማለት እኮ ነው። ስለዚህ ለፀጉር ቤቷ ባለቤት እንዲህ አልኩላት፦

ፀጉር ቤትሽ ጠፋ፣ መቀስሽ ዛገልሽ፣
ምናል ጽጌረዳ ምላሷን ባዋሰሽ!

እንዴት እንደቀለለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ፀጉር ሠሪዋ «ግራስያስ፣ ግራስያስ» እያለች፣ በቋንቋዋ እያመሰገነችኝ አለቀሰች። በሚቀጥለው ሐሙስ አንድ ዳቦ ቤት ሲዘጋ የገዛ ዘመዴን ሠርግ አነሣሁ፤ ሽንት ቤቱ በር ላይ ያስቀመጡኝን፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ወንበሬን እያነሣሁ ያሳለፍኩትን። ቀለም ቀቢው ሲመጣ ደግሞ ትልቁን ድስቴን ለክርስትና ተውሳ የቀረችውን ሴትዮ፣ ከነአባቷ ስም ጠራኋት። ጽጌረዳ ግን ከአንዱም ሐሙስ አልቀረችም። ለማንም ላልቅስ፣ መጨረሻው ላይ ጽጌረዳ አለች፤ እንደ አሜን።

ከዚያ የማይገባኝ ነገር መሆን ጀመረ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሬ ላይ ድስቴ ተቀምጧል። ታጥቦ! ክዳኑ ሁሉ! ሴትዮዋን በሚቀጥለው እሑድ ባገኛት «ይቅር በይኝ እናቴ፣ ጉዳዩ ከዚህ በላይ አይሂድብኝ» ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ያ የሠርጉ ዘመዴም ደወለ፤ ታናሹን ሊድር ነው፤ «የክብር ቦታው ያንቺ ነው፤ ከሙሽሮቹ ቀጥሎ፤ ሽንት ቤቱ ሌላ ፎቅ ላይ ነው» አለኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው የሐበሻ ግሮሰሪ በርበሬ ልገዛ ብገባ፣ ከአሁን ቀደም ቀና ብሎ አይቶኝ የማያውቀው ሻጭ ከተቀመጠበት ተነሥቶ «እማማ፣ እኔ እኮ አስቀይሜዎት አላውቅም፤ አውቃለሁ እንዴ?» አለኝ። የማርያምን ጾም በደንብ ስለጾምኩ ነው አልኩ። ስለቴ ሰመረ አልኩ። የቀረችው ጽጌረዳ ብቻ ናት፤ እሷም ትመጣለች ብዬ ጸሎቴን አጠነከርኩ።

ምርጫው በመሀል አለፈ። ሬናልዶ ተሸነፈ። ሞቶ በነበረበት ሳምንት ምርጫው ቢደረግ ያሸንፍ ነበር ይላሉ። እሱም አልከፋውም፤ ማርታ ጣቢያ ገብቶ ማስታወቂያ ማሻሻጥ ጀመረ፤ ጥርሱ ለዚያ ይበጃል።

ከዚያ ያቺ ሐሙስ መጣች። ማርታ ጆሮ ማዳመጫዬን እያስተካከለች «ዛሬ ባለጉዳይዋ በስልክ አይደለም፤ ራሷ መጥታለች፤ ሬስቶራንቷ ተዘግቶባት ነው። ወጥ ሠሪዋ ሮሳ የእኔ አድማጭ ናት፤ እሷ ናት ይዛት የመጣችው» አለችኝ። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ሮሳ ገባች፣ ዓይኗ አብጦ። ከኋላዋ ጥቁር የለበሰች፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት።

ጽጌረዳ ናት።

ዘፈን እየተላለፈ ስለነበር ማይክራፎኑ ገና ዝግ ነው። ማርታ በፈገግታ ወንበር ሳበችላት።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«እንድታለቅሺልኝ መጣሁ።»

«እዚህ መሆኔን ማን ነገረሽ?»

«ማን ነገረሽ ትለኛለች! ኩሽናዬ ውስጥ ያለው ሬዲዮ የሮሳ ነው። በየሐሙሱ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስትሰድቢኝ ቆሜ ሰምቻለሁ። ደንበኛ ‘እትዬ ጽጌ ለምን ያለቅሳሉ?’ ሲለኝ ሽንኩርቱ ነው እላለሁ።»

«በአማርኛ እኮ ነው የተናገርኩት!»

«እኔስ በምን ቋንቋ የተወለድኩ መሰለሽ?»

«የሰማሽው … አንቺ ብቻ ነሽ?»

«እኔ ብቻ! አንቺ ሴት፣ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሮክቪል ያለው የሐበሻ ኩሽና ሁሉ፣ ሳህን አጣቢው ማን ነው? ሥጋ ከታፊው ማን ነው? ሬዲዮው የማን ነው? የእነ ሮሳ! ሐሙስ ሲሆን እኮ ባለቤቶቹም ኩሽና ገብተው ነው የሚቆሙት፤ ዛሬ ስሜ ይጠራል አይጠራም እያሉ።»

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። «ድስቴ!» አልኩ።

«ድስትሽ» አለች ራሷን እየነቀነቀች።

ማርያም ትታዘበኝ። ያን ሁሉ ጾም!

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልመጣሽም?» አልኳት።

«ምን ብዬ? ስሜ ሲጠራ ሰው ‘ይቺ ጽጌረዳ ማን ናት’ እያለ ይመጣ ነበር። ሊያዩኝ መጡ እንጂ ሊበሉ አልመጡም። አንድ ሻይ ለአራት።» ድምፅዋ ወረደ። ያ ድምፅ ሲወርድ ሰምቼው አላውቅም። «ትናንት ዘጋሁት። ወንበሮቹን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ ሰቀልኳቸው። አንቺ ለጎማ ቤት አልቅሰሻል። ለውሻ ፀጉር አስተካካይ እንኳ አልቅሰሻል። እኔ ከውሻ ፀጉር አስተካካይ አንሳለሁ?»

ቀዩ መብራት በራ። ማርታ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ።

ዓመታት የጠበቅኩት ሰዓት ይኸው መጣ። ጽጌረዳ ፊቴ ተቀምጣለች፤ ከተማው በሙሉ ይሰማል፤ አሁን መስማቱን አውቃለሁ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። እኔ ከመጀመሬ በፊት እሷ ጀመረችው! ሊቀ መንበር የነበረ ሰው ማይክራፎን አያሳልፍም፦

ተዘጋልሽ ቤቴ፣ ጠላቴ ደስ ይበልሽ፣
ሐሙስ ሐሙስ እንግዲህ ማንን ልታነሺ ነሽ?

ማርታ ዓይኗን አፈጠጠች። ሙሾ በቅብብል ሲወርድ አይታ አታውቅም። እኔም አልዘገየሁም፦

ባሌ የሞተ ዕለት ደረቅ ናት ያልሽኝ፣
እርጥቧ እስቲ ዛሬ አንቺ አልቅሺልኝ።

ጽጌረዳ ዝም አለች። በሬዲዮ ዝምታ ረጅም ነው። ማርታ በመስተዋቱ በኩል ላለው ለሬናልዶ ዘፈን እንዳያስገባ በእጇ ምልክት ሰጠችው። ሮሳ ጥግ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ሥራዋን ያጣችው እሷ ናት፣ ማንም በስሟ አላለቀሰላትም። ጽጌረዳ ዞር ብላ ሮሳን አየች። ከዚያ እኔን። ከዚያ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ ዱሮው ሳይሆን ቀስ ብላ፦

ከኋላሽ ተቀምጬ ፊትሽን ሳላየው፣
ደረቅ ናት ያልኩብሽ ጀርባሽን አይቼ ነው።

አለች! በአፏ! በሬዲዮ! በዚያች ደቂቃ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሮክቪል ስንት ሽንኩርት ቢላ ሥር ሳይከተፍ እንደቆየ እግዚአብሔር ይወቀው። ጽጌረዳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ማርታ አለቀሰች። ሬናልዶ ከመስተዋቱ ጀርባ አለቀሰ፤ እሱ እንኳ የሚያለቅሰው ለመራጭ እንደለመደው ነው። ከሥር ያለው ጎማ ጠጋኝ ሳይቀር ማሽኑን አጥፍቶ ነበር።

እኔ ብቻ ቀረሁ። እንባዬን ብጠራው፣ ብለምነው፣ እንቢ አለኝ። ድስቱን አሰብኩ፣ ሠርጉን አሰብኩ፤ ሁሉም ተመልሶልኛል፤ የቀረኝ ቁስል የለም። ጽጌረዳ ነጠላዋን ገልጣ አየችኝ። ዓይኔን አየች፤ ደረቅ ነው። አፏን ከፈተች። ከተማው በሙሉ ይሰማል።

አፏን ዘጋችው። ነጠላዋንም መልሳ ተሸፈነች።

ይህን ውለታ እስካሁን አልረሳሁላትም፤ ሌላውንም አልረሳሁላትም።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ማርታ አፍንጫዋን እየጠረገች «ምንድን ነው ያለችሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሬስቶራንቷ ተዘጋ አለች።»

«ይህን ሁሉ ሰዓት?»

«አማርኛ ረጅም ነው» አልኳት። ጉዳዬን ለሰው አላወራም።

በማግስቱ ለጣቢያው የደወሉት እንጀራ ጋጋሪዎችና የበርበሬ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ማስታወቂያ ይነገርልን፣ ከሙሾው ጎን ይሁን እያሉ። ማርታ ይኸው ዛሬም በሥራዋ ላይ ናት። እሱ ግን በማግስቱ ነው። ያን ሐሙስ ማርታ ሥራ ስለነበረባት በስልኳ መኪና ጠርታ ወደ ቤቴ ላከችኝ። ነጂው ሐበሻ ሆነ፤ መች ሌላ ይሆናል። በመስተዋቱ ሁለት ጊዜ አየኝና መኪናውን አስነሣ። ደግ አደረገ።

ቤልትዌይ የሚሉት የከተማው ዙሪያ ጎዳና ገብተን ድልድዩ ላይ ስንደርስ መስኮቱን ትንሽ ከፈተው። ለራሱ ነው፤ ቀኑ ሞቃት ነበር። ወንዙ ሸተተኝ። «ዝጋው!» ልል አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ። ነጠላዬ እስኪርስ ድረስ ወጣ። ማይክራፎን የለ፣ ድንኳን የለ፣ ጽጌረዳ የለች።

ነጂው ፍጥነቱን ቀነሰ። «እማማ … እርስዎ የሐሙሷ ነዎት አይደል?» አለኝ በቀስታ። «ዛሬ ጠዋት ሰምቼዎት ነበር። አሁን ደግሞ ለማን ነው?»

«አንተ መንገድህን እይ» አልኩት።

ትንሽ እንደሄደ «መስኮቱን ልዝጋልዎት?» አለኝ።

«ተወው» አልኩት።